የወንድሜ ሁለት ዓመት

ወንድሜ ኳስ እንዳይጫወት የታገደው እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው። ምደባው ወጥቶ ሐዋሳ እንደደረሰኝ ሲሰማ ከእኔ የበለጠ የተደሰተው እሱ ነበር። እዚህ ለሚገኝ አንድ ክለብ የቀኝ መስመር ተከላካይ ሆኖ ለዓመታት ተጫውቷል፤ ከቤተሰባችን ግን ስታዲየም ገብቶ ያየው ሰው አልነበረም። እናታችን የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቅዳሜና እሁድ ሥራ ይበዛባታል፤ የልጇን ጨዋታ የምታየው በቴሌቪዥን ነው። አባታችን ልጆች ሳለን ስላረፈ እኔን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

«አሁን ገና ደጋፊ አገኘሁ» አለኝ በስልክ። «ስሳሳት ግን ከሰዉ ጋር አብረሽ እንዳትሰድቢኝ።»

ሁለት ጨዋታ ብቻ አየሁ። ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ ዕጣ ወጣበትና ለምርመራ ሽንት ሰጠ። ሲያወራልኝ እንደ ቀልድ ነበር፤ ውሃ በላይ በላዩ ቢጠጣም እንዴት እምቢ እንዳለው፣ ጓደኞቹ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው እንዴት ሲሳደቡ እንደጠበቁት ነግሮኝ ስቀን ረሳነው። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። በውድድር ጊዜ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበታል። ዴክሳሜታዞን ይባላል። ወንድሜ የዚህን መድኃኒት ስም ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም። የክለቡ ሐኪምም አልሰጠውም። ጉዳዩን የያዙት ሰዎች ከየት ሊመጣ እንደቻለ እንዲያስረዳ ሲጠይቁት «አላውቅም» አለ፤ የተናገረው እውነቱን ነበር። ነገር ግን «አላውቅም» ቅጣት የሚያቀልል መልስ አይደለም። በደንቡ መሠረት አንድ ተጫዋች በሰውነቱ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ሁሉ ኃላፊነቱ የራሱ ነው። ሁለት ዓመት ተቀጣ።

ሁለት ዓመት ለእኔ ብዙም አስፈሪ አይመስልም ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቼ እንኳ ገና አልመረቅም። ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲመለስ ሠላሳ አንድ ይሆነዋል፤ በእሱ ቦታ ደግሞ ሳንባቸው አዲስ የሆነ ልጆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ደግሞ እኔ እገዳ ማለት ጨዋታ አለመጫወት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከክለቡ ጋር ልምምድ መሥራትም አይችልም። ሕፃናት የሚሠለጥኑበት ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ ማሠልጠንም አይፈቀድለትም። ይህን ቢጥስ ቅጣቱ ይረዝማል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሙያ ላልያዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው።

ዶርማችን ውስጥ ወሬው የደረሰው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ከፊት ለፊቴ ላይኛው አልጋ ላይ የተጋደመችው ልጅ ስልኳን እያየች «ሴቶች፣ የሐዋሳው ተከላካይ ተያዘ እኮ» አለች። እኔ ወንድሜ እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

«ምን ወስዶ?»

«አበረታች ነዋ።»

«እሱ? ሲሮጥ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀረው?» አለች ሌላዋ ፀጉሯን እየተሠራች። ሁሉም ሳቁ።

«ባይወስድማ ኖሮ ቆሞ ነበር በያታ!» አለች ባለ ስልኳ።

ከእኔ በታች የምትተኛው ልጅ ብቻ አልሳቀችም። የመጣችው ከበቆጂ ነው፤ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ ሯጭ ነበረች። «ሁለት ዓመት ያንሰዋል» አለች።

«አንቺ ደግሞ ጨካኝ ነሽ።»

«እኔ ነኝ ጨካኝ? ለአትሌቲክስ ካምፕ ምርጫ ስንሮጥ ከፊቴ የገባችው ልጅ በኋላ ተገኘባት። እሺ፣ እሷ ተቀጣች። የእኔን ቦታ ማን መለሰልኝ? ካምፑ ሞልቷል ተባልኩ። ይኸው ፍሬሽ ሆኜ ከእናንተ ጋር የካፌ ምስር እበላለሁ።»

እንዲህ ስትል ማንም አልሳቀም። እኔም ዝም ማለት ከበደኝ። «ወንድሜ ነው» አልኩ።

ፀጉር ትሠራ የነበረችው ልጅ እጇ ባለበት ቀረ። ላይኛው አልጋ ያለችው ቀና ብላ ጭንቅላቷን ከጣሪያው ጋር አጋጨች። «ውይ! ቆሞ ነበር ያልኩት እኮ… ተረጋግቶ ይጫወታል ለማለት ነው» አለች። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ።

ማምሻውን ወደ ካፌ ስንሄድ የበቆጂዋ ልጅ ከጎኔ ሆነች። «ወስዷል?» አለችኝ።

«አልወሰድኩም ይላል።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ግን ከሚሉት ውስጥ አንዳንዱ እውነቱን ነው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሷ ጋር ስለ ወንድሜ ማውራት ጀመርኩ። የተበደለው ወገን ምን እንደሚሰማው ከእሷ የተሻለ የሚነግረኝ ሰው አልነበረምና። ወንድሜን የምወድ መሆኔ ደንብ እንድጠላ እንዲያደርገኝ አልፈልግም ነበር።

እሁድ እሁድ ወንድሜ ጋ እሄድ ነበር። የሚኖረው ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጠዋት ብቻውን ሐይቁን ይዞ ይሮጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ያጣል። አንድ ቀን በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ስናልፍ ወጣቶች የሰፈር ውድድር ላይ ነበሩ። ዳኛ አለ፣ ማሊያ ለብሰዋል፣ ተመልካቹም ብዙ ነው። አንዱ ወንድሜን አወቀውና እየሮጠ መጣ።

«ብሮ፣ በፈጠረህ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል! ሃያ ደቂቃ ብቻ!»

«አልችልም።»

«ማን ያያል? ለሰፈር እኮ ነው!»

ወንድሜ ውድድሩን ማን እንዳዘጋጀው ጠየቀ። ልጁ «ክፍለ ከተማው ነው» ሲለው እንደማይሆን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሕጉ እንዲህ ያለውን ይንካ አይንካ በትክክል አያውቅም ነበር፤ ግን ተሳስቶ ሌላ ዓመት ሊጨመርበት አልፈለገም። ከሜዳው ዳር አንዱ «ተወው፣ ኪኒኑን ቤት ረስቶ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ ዞሬ ልመልስለት ስል ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

«አትመልሺለት። ሲያጠቁ እዪ» አለኝ። «ቀኝ በኩል ያለው ልጅ ጎበዝ ነው።» እውነትም ቆመን እስከ እረፍት ድረስ አየን። የቀኙ ልጅ ኳስ በነካ ቁጥር የወንድሜ ቀኝ እግር መሬቱን ትንሽ ይገፋ ነበር። እሱ አላወቀውም።

እናታችን የመጣችው የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ነው። የሰፈሩ ሰው ወሬ አስመርሯት «ልጄን በዓይኔ ልየው» ብላ ደንበኞቿን ቀጥራ ተሳፈረች። መናኸሪያ ሄደን ስንቀበላት ከሰላምታ በፊት የወንድሜን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ከስተሃል።»

«እማዬ፣ አልከሳሁም፤ ፊቴ ነው እንዲህ።»

«ፊትህን እኔ ነኝ የወለድሁት። ከስተሃል።»

ስለ ቅጣቱ ምንም ጥርጣሬ አልነበራትም። ስህተት ነው ብላ አምናለች፤ ወይ የሌላ ሰው ሽንት ከእሱ ጋር ተቀላቅሏል፣ ወይ ምቀኛ ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር ጨምሮበታል። «ጉልበት የሚሰጥ መድኃኒት ይላሉ። ኪኒን ሲያይ የሚሸሽ ልጅ! ትኩሳት ሲይዘው እንኳ እጁን ለሁለት ይዘን ነበር የምናስውጠው» ትለኝ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ እኔም አስታውሳለሁ።

በመጣች ማግሥት ወንድሜ ሊሮጥ ወጣ፤ እኛ ደግሞ ክፍሉን ማጽዳት ጀመርን። እናቴ ከአልጋው ሥር አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ሳበችና ክዳኑን ከፈተች። ከወራት በፊት በሰው የላከችለት በሶ ነበር፤ ሩብ ያህሉ ተርፏል።

«ይሄን ሁሉ አስተርፎታል! አይ ይሄ ልጅ። ለዚህ ነው እንጂ የማይወፍረው። መድኃኒቱም ባክኖ ቀረ።»

መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። «የምን መድኃኒት?»

«ለጉንጩ ነዋ።»

ከዚያ ባልዲውን በጨርቅ እየወለወለች፣ ረጋ ብላ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ጨዋታ ላይ ወንድሜ ኳስ በእጅ ሊወረውር ሲል ካሜራው ቀርቦ ፊቱን አሳይቶት ነበር። ጎረቤቶች አብረው ይመለከቱ ነበርና «ውይ፣ ልጅሽን ምን ነካው? ጉንጩ ገብቷል እኮ፤ ታመመ እንዴ?» አሏት። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። አጥራችን የሚዋሰነው ጎረቤታችን ልጇን ስትድር ልጅቷ ማወፈሪያ ኪኒን ወስዳ በሠርጓ ቀን ፊቷ እንደ ድፎ ነፋ ብሎ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ ሰፈር ሙሽሮች ይህን ማድረጋቸው የታወቀ ነው። ጎረቤታችን ያንኑ ኪኒን አስገዛችላት። ልጇ ግን ኪኒን እንደማይውጥ ስለምታውቅ እናቴ በሙቀጫ አልማ ወቀጠችውና ከበሶው ጋር አዋሐደችው።

«ስኳርም ጨምሬበታለሁ፤ እንዳይመረው» አለች።

«እማ፣ ስሙ ማን ይባላል?»

«እኔ ምን አውቄለት። ማወፈሪያ ነው።»

«ደውለሽ ጠይቂያትማ።»

«ምነው? ጊዜው ያለፈበት ነው እንዴ?» ደነገጠች።

«አይ፣ ለጓደኛዬ ነው። መወፈር ትፈልጋለች።»

የስልኩን ድምፅ ከፍታ ደወለች። ጎረቤታችን ከልጇ ዕቃ ውስጥ ባዶ ማሸጊያውን ፈልጋ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። እስከ መጨረሻው መስማት አላስፈለገኝም። እናቴ ስልኩን ዘግታ «ንገሪያት፣ ጥሩ ነው፤ በወር ውስጥ ለውጥ ታያለች» አለችኝና ወደ ጽዳቷ ተመለሰች። ሁለቱን ነገሮች ለማገናኘት አልሞከረችም፤ እንዴት ታገናኝ? እነሱ የሚሉት ሰው እንዲሮጥ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። የእሷ የሚያወፍር ነው። ኳስ ተጫዋች ቢወፍር ይዘገያል እንጂ ይፈጥናል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ከሰዓት በኋላ ለእራት ዓሣ ልንገዛ ብለን ከወንድሜ ጋር አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ አጥማጆች የሚበልቱበት ቦታ ቆመን ነገርኩት። በመጀመሪያ ሳቀ። «ጉንጬን?» አለ። «ጉንጬን ልታወፍር?» ዓሣ ይበልት የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ እስኪያየው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ይግባኝ ማለት እንችላለን» አልኩት። «ጊዜው አላለፈም። ከየት እንደመጣ አሁን ታውቋል። በሶውም አለ፤ ያስመረምሩት።»

«አትነግሪያትም።»

«እኮ ለምን?»

«ገብቼ ምን ልበል? እናቴ ናት ልበል? ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? በእናቱ አላከከ ነው የሚለው። እሱስ ይቅር። እሷስ? ከዛሬ ጀምሮ ስፌቷ ላይ ቁጭ ባለች ቁጥር የልጄን እንጀራ የቆረጥሁት እኔ ነኝ እያለች እንድትኖር ነው?»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው።»

«ያልቃል።»

«አንተም አብረህ ታልቃለህ።»

እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። እኔ ለታላቆቼ እሺ የምል ልጅ ነኝ፤ ቤት ውስጥ የምመሰገነውም በዚያ ነው። እሱ ግን አልተቆጣኝም። «ሚጡ፣ ይሄን ተይልኝ» አለ ብቻ። ዓሣችን ተበልቶ፣ በፌስታል ተደርጎ ተሰጠን። በባጃጅ ተመለስን።

በማግሥቱ ለበቆጂዋ ልጅ ሁሉንም ነገርኳት።

«አሁን ሁለት ዓመት ይበዛበታል» አለች።

«ያንሰዋል ብለሽ አልነበር?»

«ያኔ በሶውን አላወቅሁም።» ጫማዋን እያሰረች ትንሽ አሰበች። «ግን ስሚ፣ እነሱም አያውቁም። የቀጡት ያልነገራቸውን ሰው ነው። አውቆ የዋጠውንና እናቱ ያበላችውን ሰው በምን ይለዩአቸው? ሁለቱም አላውቅም ካሉ ሁለቱም አንድ ናቸው። ደንቡ በዛ፣ አነሰ እያልሽ የምትከራከሪው ነገሩ ከተነገረ በኋላ ነው።»

ትክክል እንደሆነች አወቅሁ። ቢሆንም የወንድሜን ቃል አልሰበርኩም። እናቴ ልትመለስ እስከተቃረበችበት ቀን ድረስ አፌን ዘጋሁ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሦስታችንም ነበርን። እናቴ ብዙም አልበላችም። ድንገት ወደ እኔ ዞራ «ያቺ ጓደኛሽ ወፈረች?» አለችኝ።

«የትኛዋ?»

«መድኃኒቱን የጠየቅሽላት።»

«ገና… አልጀመረችም።»

«የኔ እናት» አለች፤ «ልብስ ሳስለካ የሰው ፊት ነው የማየው። ቀሚሱ ጠቦ ቆንጆ ነው የምትለኝን ሴት አውቃታለሁ። ጎረቤቴ ስሙን ስታነብ ፊትሽ ተለወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችሁም በዓይናችሁ ትሸሹኛላችሁ።» ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «እሱን ያስቀጣው እኔ የላክሁት ነው?»

«አይደለም እማዬ» አለ ወንድሜ ቶሎ ብሎ። «ያ ሌላ ነው። ከየት አመጣሽው?»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ሁለቱም አዩኝ። ወንድሜ በዓይኑ ለመነኝ። ምን እንደምል አስቤ አልነበረም፤ ግን እናቴን እያየሁ ሌላ መናገር አልቻልኩም። «አዎ፣ እማ» አልኩ።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ማዕዱ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አንድ በአንድ እየለቀመች በመዳፏ ሰበሰበች። «እኔ እኮ ሥጋ እንዲለብስ ብዬ ነው» አለች ለራሷ። ወንድሜ ከጎኗ ሄዶ ተቀመጠና «አውቃለሁ» አላት። ከዚያ ፍርፋሪውን ሳህኑ ላይ አራገፈች።

«ይሄ ነገር ለማን ነው የሚነገረው?»

«ለማንም አይነገርም። ተይው እማዬ።»

«ለማን ነው ያልኩት።»

«አዲስ አበባ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጠይቁሻል። ያፋጥጡሻል። የሰሙት ሁሉ ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ። እየሳቁ ያን ያህል ዓመት አይቀጡህም።»

«የሰፈሩ ሰውስ?»

«የሰፈሩ ሰው አይደል ልጅሽ ከሳ ያለኝ? እሱም ይስማ» አለች። ያን ጊዜ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አላወቅሁም። እናቴ ግን ተነሥታ ባልዲውን ከአልጋው ሥር አወጣች፤ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን ለጠፈችና «ማንም እንዳይነካው» አለች።

ይግባኙ በሚታይበት ጊዜ እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ አብሬ አልሄድኩም። የሆነውን የነገሩኝ ሁለቱ ለየብቻ ነው፤ አነጋገራቸውም ይለያያል። ወንድሜ እንዳለው እናታችን ገና ስትገባ ለሁሉም ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ እነሱም ብድግ አሉ። በአክብሮት ነበር የጠየቋት። በሶው ቀደም ብሎ ተመርምሮ መድኃኒቱ ተገኝቶበታል። ጎረቤታችንም በስልክ መስክራለች። ከመካከላቸው አንዱ «እናቴ፣ ልጅዎ በስፖርት የሚተዳደር መሆኑን እያወቁ እንዴት ሳይነግሩት መድኃኒት ይሰጡታል?» አላት። እናቴ «ብነግረው አይበላዋማ» ብላ መለሰች። እዚህ ላይ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች።

የእናቴ ወሬ አጭር ነው። «ሰዎቹ ክፉ አይደሉም» አለችኝ። «አንዱ ሸሚዙ ከትከሻው ላይ ተጣሟል። የሰፋለት ሰው አልለካውም።»

ቅጣቱ ከሁለት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ወረደ። መድኃኒቱን ሆን ብሎ እንዳልወሰደ፣ ለመብለጥም እንዳልተጠቀመበት አምነዋል። ነገር ግን አንድ ባለሙያ ተጫዋች የሚበላውን ነገር ከማን እንደመጣና ምን እንዳለበት መጠየቅ አለበት፤ ከእናቱ ቢሆንም እንኳ፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሊሆን አይችልም ተባለ።

ስለዚህ ውሳኔ ብዙ አስቤአለሁ። ሰዎቹን ልወቅሳቸው አልችልም። ዛሬ እናቴ አብልታኝ ነው ያለውን ሁሉ ነፃ ቢለቁ ነገ ስንት እናት በር ላይ ተሰልፋ እንደምትመጣ መገመት አያቅትም፤ እነዚያ ሁሉ እንደ እኔ እናት በሙቀጫ ወቅጠው አይደለም የሚመጡት። የበቆጂዋ ልጅ ከፊቷ በገባችው ልጅ ምክንያት ያጣችውን ቦታም አልረሳሁም። «አንድ ዓመት ይበቃዋል?» ብዬ ስጠይቃት «ለእኔ ይበቃኛል» ነበር ያለችኝ፤ ለእሱ አላለችም። ምክንያቱም ያ አንድ ዓመት ለወንድሜ አንድ ዓመት ብቻ አይደለም። ውሉ በቅጣቱ መካከል ያልቃል። በቀኝ መስመር አሁን የሚጫወተው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ወንድሜ ራሱ ነው ጎበዝ ነው ያለኝ። ሲመለስ የሚቀበለው ክለብ መኖር አለመኖሩን ማንም አያውቅም። ቅጣት በዓመት ሲለካ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ዓመትና የሠላሳ ዓመት ተከላካይ አንድ ዓመት ግን አንድ አይደሉም። ይህን እንዴት አድርገው ደንብ ውስጥ እንደሚያስገቡት እኔ አላውቅም። ስማር ምናልባት አውቀው ይሆናል።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ ቅጣቱ አላለቀም። ወንድሜ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሐይቁን ይዞ ይሮጣል። ቅጣቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ከቡድን ጋር ልምምድ መጀመር እንደሚፈቀድለት ነግረውታል፤ ያን ቀን ነው የሚጠብቀው።

ውሳኔው የደረሰው ቀን እኔም እሱ ክፍል ነበርኩ። ለእናታችን ደውሎ ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረገና አነበበላት። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ማንበብ ሲጀምር ቆመ።

«ሆን ብሎ አልወሰደም ይላል?» አለች።

«ይላል።»

«ድገምልኝ እስቲ።»

ደገመላት።

«እሰይ። ተመስገን። ታዲያ አንድ ዓመቱ ለምንድነው?»

«ምን እንዳለበት ስላልጠየቅሁሽ ነው።»

«በሶው ውስጥ?»

«አዎ።»

«ምን ብለህ ልትጠይቀኝ ነበር?»

ወንድሜ ለመመለስ አፉን ከፈተና ወደ እኔ አየ። በስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ እጅጌዋ ስትናገር ይሰማል።

«ከእንግዲህ እጠይቅሻለሁ እማዬ» አላት በመጨረሻ።

«ጠይቀኝ» አለች፤ «ሁልጊዜ ጠይቀኝ።» ደንበኛ ቆማ እየጠበቀቻት እንደሆነ ነግራው ስልኩን ዘጋች።